ለአንድ ጆሮ የተነገረ ምክር

እስቲ አረፍ በሉና ጆሮ ስጡኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ በዳባትና በደባርቅ በኩል፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ ስለኖሩ አባቶች ነው። ሰው ጨንቆት ሲሄድባቸው ምን ያደርጉለት እንደነበር እነግራችኋለሁ፤ አንደኛው የሰጠው ቃልም ሕዝብን ከነልጅ ከነጓዙ አስነሥቶ የት እንዳደረሰው እነግራችኋለሁ። ነገሩ ግማሹ በመጽሐፍ የሰፈረ፣ ግማሹ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው፤ የሚተረከውን «ይተረካል» እያልሁ እለይላችኋለሁ። ታሪኩ ባሕር ተሻግሮ ስለሚመለስ ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አገሩን ታውቁታላችሁ። ከጎንደር የተነሣ መንገደኛ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ዳባት ይገባል፣ ከዳባት ደባርቅ። የወገራ ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ ይበቅላል፣ ብርዱ ጋቢ በጋቢ ላይ ያስደርባል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በምሥራቅ ወደ ዋልያና ጭላዳ አገር ታስገባለች፤ በሰሜን በኩል መንገዱ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ ይህንኑ ሊማሊሞ ወጥቶታል። ከአዲ አርቃይ ወዲያ ደግሞ ዋልድባ አለ፤ እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ የሚያድሩ መነኮሳት አገር።

እንግዲህ በዚህ አገር የነፍስ አባት የሌለው ሰው ሰው አይባልም። ክርስቲያኑ ኃጢአቱን የሚናዘዝለት፣ ቤቱን ጠበል የሚረጭለት፣ ልጁ ሲታመም የሚጠራው፣ ሲሞትም የሚፈታው አንድ ቄስ አለው። ቄሱ ቀኖና ሲሰጥ ሰውን ከሰው ይለያል፤ ለጎልማሳው አርባ ስግደት ካዘዘ፣ ለአራሷና ለሽማግሌው ሌላ ነገር ያዝዛል። ይህን ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። የኔ ወሬ ስለ ሌሎቹ ነው፤ በዚሁ ደጋ ላይ፣ ከዚሁ ወንዝ እየጠጡ፣ ኦሪትን ብቻ ይዘው ስለኖሩት ስለ ቤተ እስራኤልና ስለ መነኮሳታቸው። አዎ፣ መነኮሳት ነበሯቸው። በዓለም ላይ ካሉት አይሁድ መካከል ይህን የምንኩስና ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ይዘው የቆዩት እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ቤተ እስራኤል ከነገሥታቱ ጋር ስለ ነበራቸው ጦርነት ጥቂት ልበል፤ መነኮሳቱ እንዴት የሕዝብ መሪ እንደሆኑ ያለ እሱ አይገባም። በስሜን፣ በወገራ፣ በጸለምትና በጸገዴ ስለሚኖሩ፣ እንደ አይሁድ ስለሚቆጠሩ ሰዎች በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ በ1332 በተደረገው ዘመቻ ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ዐፄ ይስሐቅ ወገራ ላይ ወጓቸው። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1579 እና በ1580 ስሜን ወጥተው መሪያቸውን ረዳኢን ማረኩ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ደግሞ በሌላው መሪያቸው በጎሼን ላይ ዘመቱ። የንጉሡ ጸሐፊ ራሱ፣ የጠላት ወገን ሆኖ ሳለ፣ ያየውን መደበቅ አልቻለም፤ አንዲት ሴት እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ ስትነዳ ገደል አፍ ላይ ስትደርስ ፈጣሪዋን ጠርታ ራሷን ወረወረች፣ ሰውየውንም ይዛው ወረደች ብሎ ጽፎልናል። በመጨረሻ በ1620ዎቹ ዐፄ ሱስንዮስ የቤተ እስራኤልን ገዥ ጌዴዎንን አሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ቤተ እስራኤል የሚዘምትላቸው፣ የሚፈርድላቸው የራሳቸው ገዥ አልነበራቸውም። ርስታቸው ሄደ፤ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ግንበኛ ሆነው በሰው መሬት ላይ ቀሩ። ጦሩ ሲሰበር የቀረው ጸሎት ነበር፤ ምሪቱም ከጌዴዎን ልጆች እጅ ወጥቶ ወደ መነኮሳቱ ገባ።

መነኮሳቱ ግን ከዚያ በፊትም ነበሩ። በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ ከ1382 እስከ 1413 ባለው ጊዜ፣ ቆዝሞስ የሚባል ክርስቲያን መነኩሴ ገዳሙን ትቶ ስሜን ወደ ቤተ እስራኤል እንደሄደ፣ ኦሪትንም ጽፎ እንደሰጣቸው በገድለ ያፍቅረነ እግዚእ ተጽፏል። እነሱ ራሳቸው የሚተርኩት ግን ሌላ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን አባ ጸብራ የሚባል መነኩሴ ሊያስተምራቸው፣ ሃይማኖታቸውን ሊያስተዋቸው መጣ፤ ኑሯቸውን አይቶ እሱ ራሱ እነሱን ሆነ ይላሉ። ተከትሎትም የንጉሡ ልጅ ጸጋ አምላክ መጣ፤ እሱም አባ ጸጋ ተባለ። ሁለቱ ከጎንደር አልፎ ባለው በሆሃርዋ ገዳም መሠረቱ። ንጉሡ የገዛ ልጁን ፍለጋ ሠራዊት ላከ፣ መነኮሳቱን ግን እግዚአብሔር ሰወራቸው እየተባለ ይተረካል። ስሜን ውስጥም ምናጣ የሚባል የታወቀ ገዳም ነበራቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መሎክሴ ይሏቸዋል መነኮሳቱን። ከሕዝቡ ተለይተው ነበር የሚኖሩት፤ የድንጋይ አጥር ነበራቸው፣ ውሃቸውን ራሳቸው ይቀዱ፣ እህላቸውን ራሳቸው ይፈጩ፣ ራሳቸው ያበስሉ ነበር። ሌላው ቤተ እስራኤል ከውጭ ሰው ጋር ንክኪ እንዳይኖረው በወንዝ ውሃ ይታጠብ ነበር፤ አትንኩኝ የሚባለው ሥርዓት እሱ ነው። መሎክሴው ደግሞ ከገዛ ወገኑም ይርቅ ነበር። እስራኤላዊው አርኪዮሎጂስት ባር ክሪቡስ በቅርብ ዓመታት እነዚህን ቦታዎች እየዞረ አጥንቶ በ2022 ባሳተመው መጽሐፍ የመነኮሳቱን ጎጆና አጥር አንድ በአንድ አሳይቷል።

እስቲ እዚያ አጥር ጋ የሚደርስ አንድ ሰው እናስብ። የወገራ ቀጥቃጭ ነው። ማረሻና ማጭድ እየሠራ ለጎረቤቱ ገበሬ ይሸጣል። ሰሞኑን የገበሬው ልጅ ታሞ «ቡዳ በላው» ተብሏል፤ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። ልቀመጥ ወይስ ቤቴን ነቅዬ ልሂድ የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሥቶታል። ይህ ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ሰንበት ከብት ጠፍቶበት ወንዝ ተሻግሯል፣ ይህን ለቄሱ እንኳ አልተናገረም። ማልዶ ተነሥቶ ወንዝ ወርዶ ልብሱንም ገላውንም ያጥባል። በአገልግል የያዘው እንጀራ አይደለም፤ የበሰለ ነገር ከእጁ አይቀበሉም። ጥሬ ገብስ ነው የተሸከመው። አጥሩ ጋ ሲደርስ ገብሱን አስቀምጦ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ «እንዴት አደሩ አባቴ» ይላል ከሩቁ፣ ጎንበስ ብሎ። መነኩሴው ከወዲያ ማዶ ቆሞ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተ እንዴት ነህ ልጄ» ይለዋል። እጅ አይሳሙም፤ መስቀልም የለም። በመካከላቸው ድንጋይና ነፋስ አለ። ሰውየው የሆዱን የሚያወጣው በዚህ ርቀት ነው።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ርቀት ነው። ሰው የቅርብ ወዳጁን፣ የገዛ ቄሱንም የሚሸሽበት ነገር አለ፤ ቄሱ ጎረቤቱ ነውና፣ ነገ ሠርግ ላይ ያገኘዋልና። መሎክሴው ግን ማንንም አይዘምድም፣ ርስት አይካፈልም፣ ሚስት አያጭም፣ ከማንም ድግስ አይቀመጥም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እውነቱን ይነግረዋል። ያ አጥር መነኩሴውን ከሕዝቡ ቢለየውም፣ የሕዝቡን ምስጢር ወደ እሱ የሚያመጣውም እሱ ነበር።

የሚጠየቀው ዓይነቱ ብዙ ነበር። የወለደች ሴት ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ከቤት ተለይታ በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር፤ ታማ ቀኑ ሲያልፍባት ምን ታድርግ? ልጁን ለመዳር ያሰበ አባት ሰባት ቤት መቁጠር አለበት፤ ስድስተኛው ላይ የሚያጠራጥር አያት ቢገኝስ? ማተብ አስረህ መሬት ያዝ የተባለ ወንድም፣ በልቡ ኦሪቱን እንዳመነ በአፉ ቢክድ፣ ሲመለስ እንዴት ይቀበሉት? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ይስሐቅ ወገራ ከወጡ ጀምሮ ከመሬትና ከሃይማኖት አንዱን መምረጥ የዚህ ሕዝብ ፈተና ነበር፤ በየትውልዱ ተመልሶ መጥቷል።

የሰንበቱን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ቤተ እስራኤል ትእዛዘ ሰንበት የሚባል መጽሐፍ አላቸው። በዚያ መጽሐፍ ሰንበት እንደ ሴት ልጅ፣ እንደ ንግሥት ሆና በፈጣሪ ፊት ትቆማለች፤ ለሚያከብሯት ትማልዳለች፣ በሲኦል ያሉ ነፍሳት እንኳ በእሷ ቀን ያርፋሉ። እንግዲህ ከብቱን ፍለጋ ወንዝ የተሻገረው ቀጥቃጭ ያስቀየመው ሕግን ብቻ አይደለም፤ የምታማልደውን አስቀይሟል። መነኩሴው ጾም ያዝዘዋል፣ ስግደት ያዝዘዋል፣ አቅም ካለው መሥዋዕት ያቀርባል። ስለ ቡዳው ወሬ፣ ስለ መሄዱና ስለ መቅረቱ ደግሞ ለብቻው የሚናገረው ቃል አለ። ያ ቃል ከዚያ አጥር ወደ አንድ ሰው ጆሮ ገብቶ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። መነኩሴው አይጽፈውም፤ ሰውየውም ለጎረቤት አይነግረውም። ለስሜን ሰው የተሰጠው ምክር ለወገራ ሰው አይደገምም።

እዚህ ላይ ወሬዬን ላቋርጥና ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። ይህ ነገር ሌላ ቦታም ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ዩክሬን፣ ሜድዚቢዥ በምትባል ከተማ፣ ባኣል ሼም ቶቭ የሚሉት አባት ተነሣና ሐሲዲዝም የሚባለው የአይሁድ እንቅስቃሴ ከእሱ ወጣ። በ1760 አረፈ። ከእሱ በኋላ በየከተማው ረቢ የሚሏቸው መሪዎች በቀሉ። ተከታዩ ስሙን ከእናቱ ስም ጋር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ ችግሩን ከሥሩ አስፍሮ፣ ብቻውን ወደ ረቢው ይገባል። ስምን ከእናት ስም ጋር ማስያዝ በእኛም አገር ደብተራ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ማን ከማን ወሰደ ማለት ሳይሆን፣ የሰው ልጅ ሲጨንቀው ወደ እናቱ ስም መሮጡ ልብ ይነካል። ረቢው ያዳምጣል፣ ይመክራል፣ ይመርቃል። ስለ ንግድ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ነፍስ።

ከእነዚህ መሪዎች አንዱ፣ በቤላሩስ ሊዮዝና የነበረው ሽኔኡር ዛልማን፣ የሚመጣበት ሰው በዛበት። ስንቱን ብቻውን ያናግር? ለጉብኝቱ ደንብ አወጣ፤ አልበቃም። ከዚያ በኋላ ታንያ የሚባለውን መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1796 ታተመ። በመግቢያው ላይ የሚናገረው ነገር በጣም የሚገባኝ ነው፤ መጽሐፍ ማንበብ ከአፍ እንደ መስማት አይደለም፣ አንባቢው ሁሉ እንደ ራሱ ነው የሚረዳው ብሎ ያምናል። ግን ለእያንዳንዱ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ስላጣ፣ ሰዎቹ ብቻቸውን ገብተው ሲጠይቁት የመለሰላቸውን ሰብስቦ ጻፈላቸው። የእሱ ወገኖች ዛሬ ቻባድ ይባላሉ፤ በ1994 ኒው ዮርክ ያረፉት የመጨረሻው ረቢያቸው ሜናሔም ሜንዴል ሽኔርሰን ለሰዎች የጻፏቸው ደብዳቤዎች ከ30 በላይ ጥራዝ ሆነው ታትመዋል።

የስሜን አባቶች ታንያ የላቸውም። ጸሎታቸው፣ ዳዊታቸው፣ ትእዛዘ ሰንበታቸው በግዕዝ በብራና ተጽፎ ደርሶናል፤ ለሰው የሰጡት ምክር ግን አልተጻፈም። ይህን ስናገር ያዝናል ልቤ። ያም ሆኖ እነሱን አልወቅስም። ሽኔኡር ዛልማን ራሱ ሲጽፍ የፈራው እነሱ ሳይጽፉ የጠበቁትን ነገር ነው፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነ ቃል ለሌላው መርዝ እንዳይሆን።

አሁን ቃል ለአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ ለሁሉም ሲሆን የመጣውን ልንገራችሁ።

በ1840ዎቹ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ጎንደር ነበር። በጣልያን አገር ፓዶቫ የሚኖር ፊሎሴኖ ሉዛቶ የሚባል ገና ወጣት የሆነ አይሁዳዊ ምሁር ስለ ቤተ እስራኤል ሰምቶ የጥያቄ ዝርዝር ላከለት። የመለሰው የሆሃርዋው አባ ይስሐቅ ነው፣ በ1848። ስለ በዓል፣ ስለ ጾም፣ ስለ መሥዋዕት የሚያውቀውን ተናገረ። ለዘመናት በዓለም ላይ ከእኛ በቀር ኦሪትን የያዘ የለም ብሎ ያስብ ለነበረ ሕዝብ፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ጥያቄ ራሱ ትልቅ ዜና ነበር። በ1855 ዳንኤል ወልደ ሐናንያ የሚባል ሰው ልጁን ይዞ ኢየሩሳሌም ደረሰ። በዚያው ዓመት በየካቲት ካሳ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው እዚሁ ስሜን፣ ደረስጌ ማርያም፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

በ1860 ደግሞ ከለንደን የተላኩ ሚሲዮናውያን መጡ፤ ሄንሪ ስተርን ራሱ ከአይሁድ ተወልዶ ክርስቲያን የሆነ ሰው ነበር። ማርቲን ፍላድም ነበረ። መጽሐፍ አደሉ፣ መሥዋዕታችሁ ከንቱ ነው አሉ፣ ምንኩስናችሁ ከኦሪት አይደለም አሉ። ይህ ክርክር እስከ ንጉሡ ፊት ደረሰ፤ በ1862 የቤተ እስራኤል አባቶች በቴዎድሮስ ፊት ቆመው ሃይማኖታቸውን ተከራከሩ። ንጉሡ በሃይማኖታችሁ ኑሩ አሏቸው ተብሎ ይተረካል። ሃይማኖታቸው ቢፈቀድላቸውም ልባቸው አልረጋም። ሕዝቡ ዙሪያውን ሲያይ ዘመኑ ያለቀ መሰለው።

አባ ማሐሪ ተነሣ።

መሎክሴ ነበር፤ ሰው የሚሰማው፣ የሚታመን። ለአንድ ሰው የሚናገረውን ቃል ለሕዝብ ተናገረ፤ ጊዜው ደርሷል፣ ወደ ተስፋይቱ ምድር እንሂድ። ደንቢያ ላይ የነበረው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ከሌላውም አገር ተከተሉት። ማሳ ላይ ያለውን እህል ትተው ወጡ። ቀጥቃጩ መዶሻውን፣ ሸክላ ሠሪዋ ምድጃዋን ጥላ። ሕፃን በጀርባ፣ ሽማግሌ በበቅሎ፣ ካህናቱ ኦሪቱን ተሸክመው። ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ተከፍሎ ያሳልፈናል ብለው ነበር የሚጓዙት። ይህን የሚያምን ሰው ሞኝ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱ፤ በየዓመቱ የሚያነቡት፣ በየሰንበቱ የሚሰሙት ታሪክ ነው። ባሕሩ አንዴ ተከፍሏል፤ ሁለተኛ የማይከፈልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ወደ ሰሜን፣ ወደ ትግራይ ወረዱ። አክሱም አካባቢ ደረሱ። ውሃ ፊት ሲቆሙ አባ ማሐሪ በትሩን እንዳነሣ፣ ውሃው ግን እንዳልተከፈለ ይተረካል። ከዚያ ወዲያ መንገድ አልነበረም። ረኃብ ገባባቸው፣ በሽታ ተከተለ። ብዙ ሰው በዚያ ምድር ተቀበረ። የተረፉት ከፊሉ በትግራይ ቀሩ፣ ከፊሉ እየተንጠባጠቡ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ይህን ታሪክ ሳስበው የአባ ማሐሪ እምነት አያጠራጥረኝም፤ ሰውየው ራሱ ያልሄደበትን መንገድ አላሳየም፣ አብሮ ተራበ። ግን አንድ ነገር ልበል። አጥሩ ጋ ቆሞ የሚያዳምጥ አባት መጀመሪያ ይሰማል፤ ከዚያ ይመክራል። ይህች ሴት አራስ ናት፣ ይህ ሰው ሽባ ነው፣ ይህ ቤት ሰባት ልጅ አለው ብሎ ያውቃል። ለሕዝብ ሁሉ አንድ ጊዜ የተነገረ ቃል ግን አራሷንም ሽማግሌውንም እኩል አስነሣ። የነፍስ አባትነት ጥበቡ ያለው መለየቱ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በ1862 የጠፋውም እሱ ነው።

በዚያው ዓመት ሌላ አባት፣ የጥንቱ አባ ጸጋ ሞክሼ የሆነ አባ ጸጋ፣ በትር አላነሣም፤ ደብዳቤ ጻፈ። ለኢየሩሳሌም አይሁድ ሊቅ ጽፎ፣ ወደ እናንተ የምንመለስበት ጊዜ ደርሷል ወይ፣ እኛ ድሆች ነን፣ አለቃ የለንም ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም አንድ ናፍቆት ነበራቸው። አንዱ ናፍቆቱን ትእዛዝ አደረገው፤ ሌላው ጥያቄ አደረገው። እኔን ብትጠይቁኝ የአባ ጸጋ ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጥ ምሪት ነው፤ ለሕዝቡ «ቆዩ፣ ልጠይቅ» የሚል አባት ስንት ነፍስ እንዳዳነ ማን ይቆጥራል።

የቀረውን ፈጠን አድርጌ ልንገራችሁ። ክፉ ቀን መጣ፣ ከ1888 እስከ 1892። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ዝናብ ቀረ፣ አንበጣ ገባ፤ ድርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ። ክርስቲያኑም እስላሙም ረገፈ፤ ቤተ እስራኤል ግን መሬት ስለሌላቸው ቀድመው ረገፉ። ብዙዎቹ ገዳማት ባዶ ቀሩ፣ መሎክሴዎቹ ተማሪ አጡ። ቄስ የሚሆነው ሰው ግዕዙን፣ ጸሎቱን፣ ሥርዓቱን የሚማረው ከመነኩሴ ስለነበር፣ መነኩሴው ሲሞት ትምህርት ቤቱም አብሮ ተዘጋ። በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች መጣ፤ ወጣቶችን፣ ከእነሱም መካከል ታምራት አማኑኤልን፣ አውሮፓ ወስዶ አስተማረ። ለሕዝቡ ብዙ በጎ ነገር አድርጓል፤ ምንኩስናው ግን በአይሁድ ዓለም የማይታወቅ ነገር ነውና እንዲቀጥል አልፈለገም። ምክሩን የሚሰጠው፣ ኑዛዜውን የሚሰማው ከዚያ በኋላ እያደር በአብዛኛው ቄሱ ሆነ።

በ1973 የእስራኤል ሊቀ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ። በ1970ዎቹ ማብቂያና በ1980ዎቹ የስሜን፣ የወገራ፣ የወልቃይት ቤተ እስራኤል በእግሩ ወደ ሱዳን ወረደ። እንደገና ሕፃን በጀርባ፣ እንደገና ረኃብ፤ በሱዳን መጠለያዎች ብዙ ሰው አለቀ። በዚህኛው ጊዜ ግን ማዶ የሚጠብቅ ነበር፤ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ባለው ጊዜ 8,000 ገደማ ሰው ወደ እስራኤል ተወሰደ። በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ተጓዘ።

እስራኤል ደርሰውም ፈተና አልቀረላቸውም። የእስራኤል ረቢዎች እንደገና ውሃ ውስጥ ጥለቁ አሏቸው፤ ቄሶቹና ሕዝቡ በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። ሰባት ቤት ሲቆጥር የኖረ፣ ወንዝ ሳይታጠብ ከቤት የማይገባ ሰው፣ ንጹሕ አይደለህም ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። ቄሶቹ ጋብቻ ለማስፈጸምና ለመፍታት የነበራቸው ሥልጣን ተነጠቀ። ሰግድ ግን አልጠፋም፤ አስተስርዮ የሚባለው የስርየት ጾም በዋለ በሃምሳኛው ቀን ቤተ እስራኤል ተራራ ወጥተው ጾመው ኦሪት የሚሰሙበት በዓል ነው። በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደነገገው። ያን ቀን ቄሶቹ ባለ ጌጥ ጥላቸውን ዘርግተው በግዕዝ ሲያነቡ ድምፁን የሚሰማ የወገራ ሰው አገሩ ያለ ይመስለዋል።

አሁን የማናግረው በዳባትና በደባርቅ፣ በስሜን ቀበሌዎች ያላችሁትን ነው። ቤተ እስራኤል ከሄዱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነ። አጥሩን፣ መቃብሩን፣ ገዳሙ የነበረበትን ጉብታ የሚያውቁት የእናንተ አያቶች ናቸው፤ አጥኚዎቹም ሲመጡ ቦታውን የሚጠቁሟቸው የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ክርስቲያን ሆናችሁ ማረሻችሁን ያሠራችሁት እነሱ ጋ ነው፤ በሽታ ሲገባ ደግሞ ቡዳ ብላችሁ የሸሻችኋቸውም እነሱን ነው። ሁለቱንም ሳትደብቁ ንገሩን። ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ፤ መሎክሴው አጥር ጋ ሲቆም የት ላይ ነበር የሚቆመው? ሰው የሚናገረው ከየትኛው ድንጋይ ጀርባ ነበር? የታመመ ክርስቲያን ጎረቤትስ ሄዶ ጠይቆት ያውቃል? ጠይቆትስ ከሆነ ምን አለው? ስልካችሁ ላይ ቅዱት፣ ወይም ጻፉት፤ የአያቱን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የተናገረበትን ቀን ከላይ አስፍሩበት፣ አገር ለቀው ለወጡት የቤተ እስራኤል ልጆችም ላኩላቸው።